ድምፅ ሳይኖረኝ የተሰማ ጸሎት

ለዓመታት አንገቴ ላይ ያደገው እንቅርት የአየር ቧንቧዬን ተጭኖ ጋደም ባልሁ ቁጥር ትንፋሽ ስለሚያሳጥረኝ፣ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወሰነ። ዕጢው ወጣ፤ ነገር ግን በሥሩ የሚያልፉትና የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች በመጎዳታቸው አውታሮቹ አልከፈት አሉ፤ መተንፈስ ስላቃተኝም በዚያው ዕለት አንገቴ ከፊት ተበስቶ ቱቦ ገባልኝ።

ትንፋሼ በቱቦው ገብቶ በቱቦው ስለሚወጣ ወደ ድምፅ አውታሮቼ የሚደርስ አየር አልነበረም፤ ድምፄም በዚያው ጠፋ። ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠኝ፤ የምታስታምመኝ እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የአልጋውን ብረት በማንኪያ አንድ ጊዜ ስመታ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ ስመታ አክታ ይመጠጥልኝ ማለት እንዲሆን ተስማማን። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶች ጆሮዬም የተደፈነ ይመስል ይጮኹብኝ ነበር። እንዲህ ያለ ታማሚ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ዐይኑን እያያችሁ በቀስታ አናግሩት፤ መልሱንም ታግሣችሁ ጠብቁ።

በስምንተኛው ሌሊት፣ በአፍንጫ ያላለፈ አየር እርጥበት ስለማያገኝ፣ አክታው ደርቆ ቱቦውን ደፈነው። ማንኪያውን ብዳብስ የለም፤ ወድቋል። እናቴ መሬት ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች። ያን ጊዜ ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች የለመነችው የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ትዝ አለችኝና እኔም በከንፈሬ ብቻ «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ ድረሺልኝ» አልሁ። እናቴ ብድግ አለች። ማን እንደ ቀሰቀሳት ስትጠየቅ እስከ ዛሬ «ልጄ ስትጠራኝ ሰማሁ» ትላለች። ተረኛዋ ነርስ እየሮጠች መጥታ የውስጡን ቱቦ ስትስበው፣ እንደ ሙጫ የጠጠረ አክታ ጫፉን ዘግቶት ነበር። አየሩ ሲገባ ደረቴ ከፍ ሲል በእጄ ዳስሼ አወቅሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያችን ትንፋሽ መቼም አልረሳትም።

ነርቮቹ አልተቆረጡም ነበር። በአምስተኛው ወር ሐኪሙ ጉሮሮዬን በካሜራ አይቶ አውታሮቹ መንቀሳቀስ መጀመራቸውን ነገረኝና የቱቦውን አፍ በጣቴ ደፍኜ እንድናገር አዘዘኝ። ሻካራ ብትሆንም የራሴ ድምፅ «እማዬ» ብላ ወጣች፤ እናቴም እዚያው ተንበረከከች። ቱቦው ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ቀስ በቀስ በራሱ ገጠመ።

የካቲት 16 ቀን እናቴ የተሳለችውን ጃንጥላ ይዘን ወደ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። ጉሮሮዬ ገና ባይጠነክርም እልልታውን የጀመርሁት እኔ ነበርሁ።