ሳጥኑ ከቅጥሩ ውጭ ይሁን

ክርስትና የተነሣሁበትን የጅማ ገጠር ደብር ለጂኦካሺንግ፣ ማለትም የተደበቀ ሳጥን በጂፒኤስ ለሚፈለግበት ጨዋታ፣ ሳስበው ቀድመው የሚመጡልኝ የልጅነት መደበቂያዎቻችን ናቸው፤ የዋርካው ሥር፣ የካቡ ቀዳዳ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ ያለው ጥግ። አንዳቸውም አይሆኑም። እኛ ያገኘነውን ቀዳዳ የዛሬ ልጆችም ያውቁታል፤ ሳጥኑ ብዙ አይሰነብትም። ከሁሉም በላይ ዐጸዱ መካነ መቃብር ነው። የጨዋታው ደንብ ያለ ባለመሬቱ ግልጽ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ እዚህማ ድንጋይ ማገላበጥም ነውር ነው።

ስለዚህ በሁለት ደረጃ መሥራት ይሻላል። የመጀመሪያው ኮኦርዲኔት (የቦታውን መገኛ የሚናገረው ቁጥር) ፈላጊውን ደጀ ሰላሙ ድረስ ያመጣዋል። እዚያ ምንም ሳይነካ ቁጥር ይለቅማል፤ ቁጥሩ በቀመር ገብቶ ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ሳጥን ይመራዋል። ትዝታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በልጅነታችን የነበረና ዛሬም ያለ ነገር ለጥያቄ ይሆናል። የደረጃዎቹ ብዛት፣ በጉልላቱ መስቀል ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎች፣ ደወሉ ላይ የተቀረጸው ዓመት። የበር ቀለምና የአጥር ቋሚ ግን በእድሳት ይለወጣሉ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከሆነ መፍቻው አብሮ ይጻፍ፤ ፲፱፻፳፭ ማለት 1925 ነው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዳይቀየርም ይነገር። ቀመሩ የሚቀይረው በኮኦርዲኔቱ ውስጥ ያለውን የደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ሦስት የአስርዮሽ አሃዞች ብቻ ይሁን። ጅማ ላይ 0.001 ደቂቃ ወደ 1.8 ሜትር ስለሆነ 0.100 ደቂቃ 180 ሜትር ያህል ያርቃል፤ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጻጻፉ ላይ ነው። 7° 40.500 ማለት 40 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። 40 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብሎ ያነበበው ሰው ከ600 ሜትር በላይ ይስታል። ከድሮው 1፡50,000 ካርታ የተወሰደ ነጥብም ስልኩ ላይ እንዳለ ከገባ 200 ሜትር ያህል ይዛነፋል፤ ካርታው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠራ ነው፣ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ጥድና ዝግባ ሥር፣ በተለይም ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ፣ የሳተላይቱ ምልክት እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩ ሜዳ ላይ ከሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሜትር ስሕተት እጅግ ይብሳል። አንድ ቦታ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በሌላ ቀን መልሶ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው።

ሳጥኑ ክዳኑ የጎማ ማሸጊያ ያለው ይሁን። የጅማ ዝናብ ቀደም ብሎ ገብቶ ዘግይቶ ስለሚወጣ ተራ የምግብ ዕቃ ውስጡ ያልበዋል፣ ወረቀቱ ይሻግታል። መመዝገቢያ ደብተሩ በሚዘጋ ፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ። ከረሜላም ሆነ ሌላ የሚበላ ነገር ጭራሽ አይግባ፤ ጦጣ ክዳኑን ሰብሮ ይከፍተዋል፣ ጉንዳንም ይወረዋል። መሬት ላይ ከተቀመጠ ምስጥ ወረቀቱን ስለሚጨርሰው ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ይሁን። ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቁም ደንብ ነው።

ቡና ማሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በለቀማው ወቅት፣ በሰው ቡና መሀል ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ እንግዳ እንደ ሌባ ይታያል፤ ባለማሳውም እውነት አለው።

ፈቃዱ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው፣ ሳጥኑ ላረፈበት መሬት ደግሞ ከባለይዞታው ይጠየቃል። ባዶውን ሳጥን ከፍቶ ለጥበቃው ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተገኘ የታሸገ ዕቃ ያስደነግጣልና። ክዳኑ ላይ ጨዋታ መሆኑና የባለቤቱ ስልክ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። የንግሥ ቀን ፍለጋ እንደማይፈቀድ በመግለጫው ላይ አስቀድሞ ይነገር፤ ቅዳሴ ላይ የደረሰም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ስልኩን ዘግቶ ይቁም። ክረምቱ እንደወጣ ደብተሩና ማሸጊያው ይታይ፤ የሚያይለት ሰው ከሌለ ሳጥኑ ይነሣ።