የአራት ድምፅ ሙሾ

ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ። የሕዳሴውንና ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን የባሮክ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ለመልመድ ከእነዚህ አራት ቁልቁል ወራጅ ድምፆች የተሻለ መግቢያ የለም ብዬ አምናለሁ። አቀናባሪዎቹን በተርታ መስማት ያደክማል። አንዲቱን የሙሾ ሐረግ ብቻ ይዞ መከተል ግን ጆሮን ያሠለጥናል።

መነሻዬ እንግሊዛዊው አቀናባሪ ጆን ዳውላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1600 ለንደን ላይ በታተመው ሁለተኛው የዜማ መጽሐፉ «ፍሰሱ እንባዎቼ» የሚል ዘፈን አለ። ዜማው ገና ሲጀምር በአራቱ ድምፆች ይወርዳል፤ ወዲያው ወደ ላይ ዘሎ እንደገና በአራት ይወርዳል። ሉት በተባለው ክራር መሰል የአውታር መሣሪያ የታጀበውን ቅጂ መምረጥ ይሻላል። የዚያ ዘመን የሉት አውታር እንደ በገናችን ከበግ አንጀት የተሠራ ነው፤ የሚመታው በጣት ጫፍ ስለሆነ ድምፁ ለስላሳና ቶሎ የሚከስም ነው። ስለዚህ ድምፁን አብዝቶ መክፈት ያበላሸዋል። ሰው አጠገብዎ ቀስ ብሎ ሲያወራ በሚሰማበት መጠን ይበቃል። (የበገናን ንዝረት የለመደ ጆሮ ብሬይ ሃርፕ የተባለውን የቀድሞ የአውሮፓ በገና ይፈልግ። በየአውታሩ ሥር ያለችው የእንጨት ችንካር አውታሩን ነካ እያደረገች ታነዝረዋለች፤ በእኛ በገና ላይ እንዚራ የተባለችው የቆዳ ቁራጭ የምትሠራውን ማለት ነው።)

በ1638 ቬኒስ ላይ በታተመው የጣሊያናዊው አቀናባሪ የክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ «የኒምፏ ሙሾ» (ኒምፍ በግሪክ ተረት የተፈጥሮ መንፈስ የሆነች ወጣት ሴት ናት) ደግሞ አራቱ ድምፆች ወደ ቤዙ፣ ከሥር ወደሚሄደው ወፍራም ድምፅ፣ ወርደዋል። ቤዙ ያንኑ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ሴቲቱ ከላይ ታለቅሳለች፤ ሦስት ወንዶች ያዝኑላታል። ሞንቴቨርዲ ራሱ ወንዶቹ በእጅ ምት፣ እሷ ግን በልቧ ስሜት እንድትዘፍን ጽፏል። ከምቱ ስትዘገይ ወይም ስትቀድም ስህተት አይምሰላችሁ። ይህ ውበት የሚጠፋው በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ነው፤ ትንሿ ማጉያ ቤዙን አታወጣም፤ ቤዙ ከሌለ ደግሞ ዘፋኟ ያለ ምክንያት የምትንከራተት ትመስላለች። የጆሮ ማዳመጫ ግድ ነው።

የሙዚቃ ኪቦርድ ያለው ሰው ቤዙን አብሮ ይጫወት። ካልገጠመ ጣቱን አይውቀስ። ብዙዎቹ የባሮክ ቅጂዎች ላ የሚቃኘው በ415 ኸርዝ ነው፤ ኪቦርዱ ግን በ440። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ስለሆነ ትራንስፖዙን (ቅኝቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) አንድ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከሁሉ የምወደው በእንግሊዛዊው አቀናባሪ በሄንሪ ፐርሴል ኦፔራ ውስጥ ያለው፣ ፍቅረኛዋ ጥሏት የሄደው የንግሥት ዳይዶ ሙሾ ነው። ኦፔራው በ1689 ለንደን፣ ቼልሲ ባለ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ቀርቧል። እዚህ ቤዙ በአራቱ ድምፆች መሀል ያሉትንም እየነካ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ይወርዳል፦ ሶል፣ ፋ ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ። አንዱ ዙር 5 ባር (የምት ክፍል) ነው፤ 11 ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ዙር ቤዙ ብቻውን ነው፤ ቀጥሎ ባሉት 8 ዙሮች ዳይዶ ትዘፍናለች። በጣት መቁጠር ያዋጣል፤ ምክንያቱም የእሷ ሐረግ ከቤዙ ዙር ጋር አብሮ አያልቅም፤ ቤዙ ሲጨርስ እሷ ገና መሀል ላይ ናት። «አስታውሱኝ» የምትለውን መጀመሪያ በአንድ ድምፅ ላይ ቆማ ደጋግማ ትለዋለች፤ ከሥሯ መሬቱ እየተንሸራተተ እሷ ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻዎቹ 2 ዙሮች እሷ ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ቫዮሊኖቹ ያንኑ በግማሽ ድምፅ መውረድ ከላይ ይቀበሉታል።