ፓክራፍት ስትገዙ ከክብደቱ በፊት ዚፑን እዩ

ፓክራፍት መግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። በጀርባ ተሸክመውት የሚጓዙት፣ ውሃ ዳር ሲደርሱ በአየር የሚነፉት ጀልባ ስለሆነ አይፈረድበትም። ግን ድንጋይ የበዛበት ፈጣን ወንዝ ልትወርዱ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ለማትረፍ ብላችሁ ስስ ጨርቅ አትግዙ።

ጨርቁን መምረጥ አላስቸገረኝም። ቲፒዩ የሚባል ተለጣጭ ፕላስቲክ የተቀባ ናይለን ወሰድኩ። ፒቪሲ ከተባለው ሌላው ፕላስቲክ ይቀላል፣ ሲጠቀለልም ቦታ አይፈጅም። ጎኑ 210 ዴኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይወፍራል)፣ ከድንጋይ ጋር የሚፋተገው ወለል 840። የገባውን ውሃ በራሱ የሚያፈስ፣ የጭን ማሰሪያ ያለው። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነበር።

ያቃጠለኝ ዚፑ ነው።

አንዳንድ ፓክራፍቶች ዕቃ በአየር ቱቦው ውስጥ የሚከተትበት፣ አየር የማያስወጣ ዚፕ አላቸው። ጥቅሙ አይካድም። ድንኳኑና ስንቁ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ጀልባው ይረጋጋል። ነገር ግን ዚፑ አየር ካስወጣ የሚላላው ጀልባው ራሱ ነው።

የእኔው ውሃ ላይ በወጣ ቁጥር ይላላል። ሻጩን ጠየቅኩት። «ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፤ አየሩ ይኮማተራል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይበልጥ የሚያበሽቀውም ይሄ ነው። ሞቅ ባለ አየር የተነፋ ጀልባ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ይላላል። ትንሽ አቆይቶ መሙላት ነው። እኔ ግን ሞላሁት፣ ደግሞ ላላ። ደግሜ ሞላሁት፣ ያው ነው። ቅዝቃዜ የሚያላላው ከውሃው ጋር እስኪስማማ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም መላላቱ ካላቆመ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ይህን ለሻጩ ብጽፍለት ያንኑ መልስ ደገመልኝ። ዚፑን ፎቶ አንስተህ አሳየኝ እንኳ አላለም!

ሳሙና በጥብጬ በስፖንጅ ዞርኩበት። ቫልቩ ደህና ነው። መገጣጠሚያዎቹ ደህና ናቸው። የዚፑ ጫፍ ላይ ስደርስ፣ መዝጊያው ገብቶ የሚያርፍባት ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ደቃቅ አረፋ ይግተለተል ጀመር። ጠረግኩት፣ መልሶ መጣ። የዚፕ ቅባት ስቀባው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ቪዲዮ ቀርጬ ከላክሁለት በኋላ ነው ሊቀይርልኝ የተስማማው። እስከዚያ ወንዙ ጎድሎ ወቅቱ አልፎ ነበር።

ስለዚህ ጀልባው እጃችሁ እንደገባ፣ መመሪያው «ነፍታችሁ እዩት» ቢልም በዚያ አትርኩ። ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥበት ክፍል ውስጥ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላላ በሳሙና ፈትሹት። ደጅ ካሳደራችሁት የሌሊቱ ብርድ ብቻውን ስለሚያላላው ያሳስታችኋል። አየር እያለው ዚፑን አትክፈቱ። አሸዋውን አጥባችሁ አውጡ፣ ጫፉን ቅባት አታሳጡት። ለቲፒዩ የሚሆን መጠገኛም ያዙ፤ ለፒቪሲ የተሠራ ማጣበቂያ በደንብ አይዝላችሁም።

ጉዟችሁ በዕለቱ ደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ ዚፕ የሌለውን ግዙ። ሻጮች ቅር ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ዕቃዬን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጌ ፊት ለፊት ባስረው እመርጣለሁ። ለረጅም ጉዞ ዚፕ ያለውን አልጠላም። ብቻ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ዋስትናው ዚፑን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ፤ በቃል የተነገረኝ ምንም አልጠቀመኝም።