ቀለሙ ተመለሰ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከብሽሽቴ እጥፋት ዝቅ ብሎ፣ ጭኔ መነሻ ላይ፣ የጣት ጫፍ የምታህል እብጠት ወጣችብኝ። ንፍፊት ናት ብዬ ተውኳት። ለማሳየትም አፈርኩ። ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ።

ያኔ መጸለይም ትቼ ነበር። ባለቤቴ ሲታመም ጾሜ፣ ተንበርክኬ ለመንኩ፤ ሞተብኝ። «አትሰማም» አልኩት ጌታን፣ ፊት ለፊት። ቤተ ክርስቲያን ብሄድም የሚዘምረው አፌ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሌሊት። ስድስት ሰዓት ገደማ ሆዴ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ሲጠመዘዝ ነቃሁ። አስመለሰኝ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ሆዴ ተነፋ። አየር እንኳ አልወጣ አለኝ። እብጠቷን ስነካት ድንጋይ ሆናለች። ብገፋት አትገባም። ልጄ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ለካ ኩርፊያም ውስጥ ሆኖ ይጸለያል።

ወጣቱ ሐኪም ሆዴን ነካ ነካ አድርጎ ብሽሽቴን አየ። «እማማ፣ ይሄ ንፍፊት አይደለም። ሄርኒያ ነው፤ አንጀት በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ ማለት ነው። አንጀትዎ ታንቋል፤ አሁኑኑ ኦፕሬሽን ያስፈልግዎታል» አለኝ። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፣ ጠርዟም አይለጠጥም፤ አንጀት ከገባባት ቶሎ ታንቃለች። ይህኛው ዓይነት ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል አለኝ። እናቶች፣ እባካችሁ አትፈሩ፣ አሳዩ! በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡ፣ ጉሉኮስ ሰቀሉ። አንጀቱ ሞቶ ከሆነ ቆርጠን እንቀጥለዋለን አሉኝ። ፈረምኩ።

ያቺ ነርስ! ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ጌታ ይባርካት። ሰመመኑ እስኪይዘኝ እጄን አልለቀቀችም። «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረስ አቃተኝ። «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ስትል ሰማኋት።

የቀረውን የነገረኝ ሐኪሙ ነው። ብሽሽቴን ከፍተው ማነቆውን ሲያላሉት አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። በሞቀ የጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፈኑት። ከዚያ ቆመው ጠበቁ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ልጄ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ጨርቁን ሲያነሱት ቀልቷል። ወዙ ተመልሷል። መላወስ ጀምሯል። ሳይቆርጡ ወደ ቦታው መለሱት። ቀዳዳውንም ከላይ ያለውን ጅማት አጥንቱ ላይ ካለው ጅማት ጋር በማይሟሟ ክር ሰፍተው ዘጉት፤ አጠገቡ ያለው ትልቅ ደም ሥር እንዳይጨመቅ እየተጠነቀቁ።

እኔ በዚያ ሰዓት አልጸለይኩም። አልችልምም ነበር።

ባለቤቴን ለምን እንደወሰደው ጌታ ዛሬም አልነገረኝም። አሁን ግን እያለቀስኩም ቢሆን እሱኑ እጠይቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሐኪሙ በየዕለቱ «ወጣልዎት?» እያለ የሚጠይቀኝ አየር ወጣ። ልጄን ቀሰቀስኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሌሎቹን ሕመምተኞች እንዳትቀሰቅስ፣ መዘመር ጀመረች። እኔም አብሬያት ዘመርኩ።