ቦታ የለቀቀው አንጋፋ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ በምናይበት የዲኤስቲቪ ቤት የእንግሊዛዊው አማካይ የጄምስ ሚልነር ስም ሲነሳ ሳቅ የሚቀድማቸው ብዙዎች ናቸው፤ ፍጥነት እንደሌለው፣ ተጫዋች አታልሎ የማለፍ ችሎታውም ውስን እንደሆነ እኔም አልክድም። ነገር ግን ሊቨርፑል ሚያዝያ 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ባርሴሎናን 4 ለ 0 ባሸነፈበት ምሽት፣ የግራ ተከላካዩ ሮበርትሰን ተጎድቶ ከእረፍት ሳይመለስ ሲቀር፣ በ33 ዓመቱ ከመሐል ሜዳ ወደ ግራ ተከላካይነት የተዛወረው እሱ ነበር። ተቀይሮ የገባው ዋይናልደም ሁለት ጎል አስቆጠረ፤ ጎሎቹን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ በመሐል ሜዳ ቦታውን የለቀቀለትን ግን ያን ሌሊት ወንበሩን ገልብጦ የጨፈረው ወዳጄ እንኳ ዘንግቶታል። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2015 ከማንቸስተር ሲቲ ሲያስፈርመው ደግሞ የዝውውር ሂሳብ አልከፈለም፤ ለእኛ ለጎጃሞች ይህ ብቻውን ክርክሩን በዘጋው ነበር።