ከጦር ጋር መቅደላ የደረሰው ወፍ አጥኚ

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው አንድ ሰው ነው። ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ ሥራው ሕንድ አገር እየዞረ ድንጋይና መሬት ማጥናት ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ አብሮ መጣ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እሱም ጠመንጃ ነበረው፤ የተኮሰበት ግን ወፍና አውሬ ላይ ነው። በ1870 ስለ ሐበሻ ምድር ድንጋዮችና እንስሳት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ለደሴ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መቅደላ የእኛው ወሎ ነው። በኩታበር በኩል ወጥቶ በተንታ የሚደረስበት አምባ። ልጆች ሆነን ስለ መቅደላ የተማርነው የቴዎድሮስን ሽጉጥ፣ ሴባስቶፖልን፣ የተዘረፉትን ብራናዎች፣ ልጅ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ የተወሰደውን ዓለማየሁን ነው። አሁንም ሲነሳ ያንገበግበኛል። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ግን የየአገሩን ወፍ እያየ የሚጽፍ ሰው እንደነበረ የነገረኝ የለም።

እስቲ አስቡት። 13,000 ገደማ ወታደር፣ 44 ዝሆን፣ ከኋላ ስፍር ቁጥር የሌለው በቅሎና ግመል። ከዙላ ተነስተው በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንጣሎ አድርገው አሸንጌ ሐይቅ ደረሱ። ከዚያ በዋድላና በደላንታ ደጋ አልፈው የበሽሎን ገደል ወረዱ፤ ወጡም። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ዐለት ይሰብራል፤ ቀና ብሎ ወፍ ያያል። ወፉን ያገኘበትን ቦታና የቦታውን ከፍታ ጭምር ይጽፋል። ድንጋዮቹንም ባየባቸው ቦታዎች ሰየማቸው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ እሳተ ገሞራ ዐለቶች የሚሉት ስሞች ከእሱ የመጡ ናቸው። የጂኦሎጂ ተማሪ ዛሬም ይማራቸዋል።

ከፍታ መጻፉ ለምን እንደገረመኝ ከደሴ ኮምቦልቻ የተመላለሰ ሰው ይገባዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሐላቸው ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሐረጎን ስትወርድ መጀመሪያ ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ቀጥሎ ወፎቹ ይለወጣሉ። እላይ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቁ ቁራና አንገቱ ነጭ የሆነው የገደል እርግብ አሉ። እታች ቦርከና ወንዝ ዳር ስትደርስ እነሱን እምብዛም አታይም፤ ማሽላው ላይ የሚንጫጫው ሌላ ነው። አንድ ሚኒባስ በአንድ ሰዓት የሚያሳየንን ይሄን ልዩነት ብላንፎርድ ከባሕር እስከ መቅደላ በእግሩና በበቅሎ ተከተለው።

ከእሱ በፊት የመጡም አሉ። ጄምስ ብሩስን የምናውቀው ከዓባይ ምንጭ ጋር ነው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ ውስጥ ግን ሊማሊሞ ላይ የገጠመው ነገር አለ፤ እኔ ደጋግሜ የማነበው እሱን ነው። አሽከሮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ሊበሉ ተቀምጠዋል። አንድ ግዙፍ አሞራ መጥቶ አጠገባቸው አረፈ። ሰው አልፈራም። እግሩን ሥጋው ያለበት ድስት ውስጥ ከተተ፤ ሙቀቱ ሲያቃጥለው ግን አወጣውና ገበታ ላይ ከነበረው ሁለት ትልልቅ ሙዳ አንስቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተመለሰ። ብሩስ ተኩሶ ጣለው። ሬሳውን ሲያነሳ እጁ በቢጫ ዱቄት ተሸፈነ። ወፉን «ወርቃማ ንስር» ብሎ መዘገበው፤ «ንስር» የሚለውን ስም ከአገሬው ሰው የሰማው ነው። ገለጻውን ያነበበ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ ጢማሙ አሞራ ነው፣ ከምንቃሩ ሥር ጥቁር ላባ እንደ ጢም የሚንጠለጠልበት። ዛሬ እንደሚታወቀው ይሄ አሞራ ብረት የበዛበት ቀይ ጭቃ ውስጥ ይታጠባል፤ ደረቱ የዝገት መልክ የሚይዘው ከዚያ ነው። የብሩስን እጅ ያቀለመውም ይሄው ሳይሆን አይቀርም።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ የወፎች ዝርዝር አለ። ስታንሊ የሚባል ባላባት ነው ያዘጋጀው። ክንፈ ጥቁሯ ትንሽ በቀቀን (ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው) ለሳይንስ የተዋወቀችው እዚያ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሾላ ሲያፈራ የሚያስተጋቡት እነሱ ናቸው።

ከእነሱ ይልቅ ብዙ ወፍ የመዘገበው ግን ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ የፍራንክፈርት ሰው። በ1831 ምጽዋ ገባ። ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አየ። ትልቁን ቁራ፣ የገደሉን እርግብ፣ በጠዋት እየጮኸ የሚያልፈውን ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበትን ረጅም ምንቃር ወፍ፣ የደጋውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ፣ እነዚህን ሁሉ በሳይንስ ስም የሰየማቸው እሱ ነው። ከሞላ ጎደል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ የማይወጡ ናቸው። እሱ ራሱ ደግሞ በአንድ ጥንብ አንሳ ይጠራል። የሩፔል ጥንብ አንሳ በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። ያው ወፍ ቄራ አጠገብ ዐፈር ላይ ሲንጎማለል እያየሁ ነው ያደግሁት።

ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1861 እና 1862 መጥቶ እስከ አፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ሄዷል። በኋላ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች የጻፈው ሥራ ለረጅም ጊዜ የዘርፉ ዋና መጽሐፍ ሆኖ ቆይቷል።

እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ወባና ተቅማጥ፣ እርጥብ የወፍ ቆዳ አርሰኒክ የሚባል መርዝ እየቀቡ እያደረቁ፣ ቀንና ቦታ እየጻፉበት በበቅሎ ጭኖ ወደብ ማድረስ ቀልድ አይደለም። ሩፔል የሰበሰበው ፍራንክፈርት ሙዚየም አለ። ጣሊያናዊው ማርኬዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሆኖ ያሰባሰበው ጄኖቫ አለ።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አብዛኞቹ አላፊዎች ነበሩ። ብላንፎርድ ወሎን ያየው በበልግ ነው። ጦሩ መቅደላን የያዘው ሚያዝያ ላይ ነው፤ አምባውን አቃጥሎ ቶሎ ተመለሰ፤ ክረምቱ ሳይገባ ባሕር ዳር መድረስ ነበረበት። ስለዚህ የወሎን ክረምት አላየም። ደሴም ገና ከተማ ሆና አልተቆረቆረችም።

ክረምትን ያላየ ደግሞ ደሴ አጠገብ ያለውን የገራዶን ሜዳ አላየም። በጋ ላይ ሳሩ ውስጥ የሚርመሰመሱ ቡናማ ወፎች አሉ፤ ከተራ ድንቢጥ መለየት ያስቸግራል፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ዝናቡ ሲጠነክር ወንዱ ይለወጣል። አካሉ ከሰል ይመስላል፤ ጅራቱ ይረዝምና ሲበር ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ጉሮሮው ላይ ቀይ መቀነት ይታጠቃል። ነሐሴ ላይ ከሣሩ ብድግ እያለ ዝግ ብሎ ይበርራል፤ ክንፉን እያርገበገበ ሴቶቹን ያሳያል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲመጣ ያ ሁሉ ጌጥ ረግፎ ደግሞ ድንቢጥ ይሆናል። በሚያዝያ ያለፈ ሰው ይሄን ከየት ያመጣዋል?

በተቃራኒው በበጋ ቦርከና ሜዳ ላይ ከብቶች እግር ሥር እየሮጠች ጅራቷን የምትነቀንቅ ቢጫ ደረት ወፍ አለች። ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የምትመጣ እንግዳ ናት። ክረምት ላይ የለችም። ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ ከብት አርቢ ነው፤ መቼ እንደምትገባ ከእኔ በላይ ያውቃል። «መስቀል ካለፈ ከላሞቹ ጋር ናት» ይለኛል።

የቆዩትም የሉም አልልም። ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ በ1837 መጥቶ አገሩን አገሬ ብሎ፣ አግብቶ ወልዶ፣ በ1878 ዐድዋ ላይ ሞተ። አንቲኖሪም በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የወፍ አጥኚው ጆን አሽ አለ፤ ከ1969 እስከ 1977 እዚህ ሆኖ አገሩን ዞሯል። አንኮበር ላይ ማንም በሳይንስ ያልመዘገባትን ትንሽ ግራጫማ ወፍ ያገኘው በ1976 ነው። ከሩፔል 140 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው! ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፣ ይሄንኑ ገደል ተከትሎ። ይሄ ዜና ሁልጊዜ ያስፈነድቀኛል። ኤሚል ኧርባን ደግሞ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ ከሌስሊ ብራውን ጋር በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጣ። በ1966 የተቋቋመው የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ ቦታዎችን መዝግቦ አሳትሟል፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ጫካ አንዱ ነው።

ባለፈው አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ነበር። ከብት ይጠብቃሉ። ጢማሙ አሞራ ከጦሳ በኩል አጥንት በእግሩ ይዞ መጣ። ከፍ አለና ለቀቀው። ድንጋይ ላይ ሲፈነዳ ተሰማን። ወርዶ ስብርባሪውን ዋጠ።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያዩት?» አልኳቸው።

«እኔ ጥጃ ከምጠብቅበት ጊዜ ጀምሮ ነዋ። ድንጋዩን አይለውጥም፤ ያችኑ ነው። አባቴም ያችኑ ነው ያሳየኝ። ጥር ጥር ላይ ደግሞ እዚያ ዋሻ ይመላለሳል፤ ጫጩት አለዋ።»

ቀረብ ብዬ ዐለቷን አየኋት። ጠርዟ ተፈልፍሏል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያረጀ የአጥንት ፍርፋሪ ተሞልቷል። የአባትና የልጅ እይታ ሲደመር መቶ ዓመት ይጠጋል። ብሩስ አንድ ቀን አየው፤ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እኚህ አባት ዕድሜ ልካቸውን አዩት፤ የትም አልተጻፈም። እነዚያ ተጓዦች «ንስር» የሚለውን ስም፣ የትኛው ወንዝ ዳር ዝይ እንዳለ፣ የቱ ገደል ላይ አሞራ እንደሚያድር ማን ነገራቸው? በቅሎ ነጂው፣ እረኛው፣ አዳኙ። የእነሱ ስም መጽሐፉ ላይ እምብዛም የለም።

የሚያስቸኩለኝ ሌላም ነገር አለ። ጥንብ አንሶች እያለቁ ነው። የሩፔል ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ አፋፍ ላይ ከደረሱት ተመድቧል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አንድ በሬ ሬሳ ላይ መቶ አሞራ ሊሰበሰብ ይችላልና። ሽማግሌውም ልጅ ሳሉ ሰማዩ በአሞራ ይጠቁር እንደነበር ነግረውኛል። ያን ጊዜ ስንት እንደነበሩ የጻፈ ሰው ቢኖር ዛሬ ምን ያህል እንደቀነሱ በእርግጠኝነት እናውቅ ነበር።

ስለዚህ የወፍ ደብተሬን በወር ከፍዬዋለሁ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያየሁት። የአጎቴ ልጅ የኮምቦልቻውን በስልክ ይነግረኛል፤ እጨምረዋለሁ። የሽማግሌውን ስም አስፈቅጄ ጥር የሚለው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ስለ ዋሻው የነገሩኝንም ሥሩ። ክረምቱ ሲገባ ገራዶ እወርዳለሁ፤ ጥቁሩ ወፍ ጅራቱን ማስረዘም የሚጀምርበትን ሳምንት ማወቅ እፈልጋለሁ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወይም ቦሩ ሜዳ ያላችሁ፣ ቀድማችሁ ካያችሁት ቀኑን ያዙልኝ።