«የእግሩ ጠፋ!»

የልጆች ልብ ኦፕሬሽን የሚያደርግ ዶክተር ለማሰልጠን ዶክተሩን ብቻ ውጪ መላክ ይበቃል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይቺን ነገር ነው የማወራው። ሀዋሳ ነው የምሰራው፣ አንስቴቲስት ነኝ፣ ለኦፕሬሽን በሽተኛ የማስተኛው፣ የሆስፒታሉን ስም ተዉት።

ኬዙ ፒዲኤ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ልጅ ማህፀን ውስጥ እያለ በሳንባው ስለማይተነፍስ አብዛኛው ደም ሳንባውን ዘሎ የሚያልፍበት ዳክተስ የሚባል አጭር ቱቦ አለው፣ ከሳንባው ደም ስር ወደ አዎርታ (ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚያወጣው ትልቁ ደም ስር) የሚያገናኝ፣ ሲወለድ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። አልዘጋም ካለ ደሙ ከአዎርታ ወደ ሳንባ ይመለስና ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል፣ ልጁ ጡት ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ኪሎ እምቢ ይላል፣ እናትየው ኒሞኒያ ነው እየተባለች ስትመላለስ ትከርማለች። የኛም ልጅ እንደዛው ነበር። ደግነቱ ይሄን ለማሰር ልብ ማቆም የለም፣ ልብና ሳንባን ተክቶ የሚሰራው ሃርት ላንግ ማሽን አያስፈልግም፣ በግራ ጎን በጎድን አጥንቶች መሀል ተገብቶ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ የተሳካለት ሮበርት ግሮስ የሚባል ሰርጅን ነው፣ ቦስተን፣ በ1938 እ.ኤ.አ፣ ያውም አለቃው ከተማ ውስጥ በሌለበት ጊዜ (እኛ ጋ ቢሆን ተግሳጽ ደብዳቤ ነበር የሚጠብቀው)። ማሽን ስለማይፈልግ ነው እኛም ጋ ሊሞከር የቻለው፣ ኮንጀኒታል ሰርጀሪ፣ ማለትም አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ኦፕሬሽን፣ የሚማሩ ዶክተሮችም መጀመሪያ አካባቢ ከሚይዟቸው ኬዞች አንዱ ነው። ቪኤስዲው (የልብ ግድግዳ ቀዳዳ)፣ ቴትራሎጂው (አራት ችግር አንድ ላይ ያለበት ልብ)፣ የአራስ ልጅ ደም ስር አቀያይሮ መስፋቱ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

የኛ ዶክተር እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን ጠላቱም አይክድም። ከሉካንዳ የበግ ልብ እያስመጣ ማታ ማታ ፀጉር በሚያህለው 7-0 ፕሮሊን ክር ሲሰፋ ነው የሚያመሸው፣ ጾም ሲገባ ሳይቀር ክርስቲያኑ ሉካንዳ ሲዘጋበት ሙስሊሙ ጋ እየሄደ። ለሰብ ስፔሻሊቲ ውጪ ሊሄድ ፕሮሰስ ላይ ነበር። እዛው ሰሞን አንድ ውጪ የኖረ ሀበሻ ፕሮፌሰር ጥቂት ኬዝ አብሮት ሊሰራ መጣ፣ አንዲት የአንስቴዥያ ነርስም ይዞ።

ጣጣው የጀመረው ከነርሷ ጋር ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የደም ምትና ኦክስጂን የሚለካው፣ አንድ የልጁ ቀኝ እጅ ላይ አንድ ደግሞ እግሩ ላይ ካልሆነ አላስተኛም አለች። እኛ ጋ እኮ አንድ ደህና ፕሮብ (ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ) ከተገኘ ተመስገን ነው! የልጅ ፕሮብ ያለበት ሁለተኛ ሞኒተር ከጨቅላ ክፍል በልመና መጣ፣ የሰጠችን ሲስተር «ካልመለሳችሁ አለቀስኩ» ብላ አስፈርማን። ራነራችን፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ዕቃ የምታቀብለው ነርስ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት፣ ነርሷ ጠራቻትና የሁለተኛውን ሞኒተር ስክሪን አሳይታ «አንቺ ሌላ ስራ የለሽም፣ ይቺ የምቱ ሞገድ ከጠፋች ትጮሂያለሽ» አለቻት። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እኔም ምን ልበላት፣ እሺ በያት አልኳት።

ደረቱ ተከፈተ፣ ሳንባው ቀስ ተብሎ ወደ ጎን ተገፋ። ሰው የማያውቀው ነገር የትንሽ ልጅ ዳክተስ አንዳንዴ አዎርታውን ያክላል፣ ሲብስም ይበልጠዋል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ዋናው ቧንቧ እሱ ይመስላል። ዳክተስ መስሏቸው አዎርታን ወይ የግራውን የሳንባ ደም ስር ያሰሩ ሰርጅኖች በየመማሪያ መጽሐፉ አሉ። ለዛ ነው ከማሰር በፊት ለትንሽ ጊዜ ቆንጠጥ አርጎ የሚታየው፣ ትክክለኛው ከሆነ የደም ግፊቱ የታችኛው ቁጥር ከፍ ይላል እግሩም ላይ ምት አይጠፋም፣ የተያዘው የሳንባው ከሆነ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል ሳቹሬሽኑም (የደሙ ኦክስጂን) ይከተላል፣ አዎርታ ከሆነ ደግሞ እጁ ደህና ሆኖ እግሩ ይጠፋል።

ዶክተራችን ክላምፑን (መቆንጠጫውን) አስገባና ጠቅ አደረገው። የእጁ 98፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ እኔም አይኔ እሱ ላይ ነው። «የእግሩ ጠፋ» የሚል ነገር ሰማሁ፣ በሹክሹክታ። ማንም አልዞረም፣ ደም የሚመጠው ሰክሽን ይጮሃል፣ ስክራቧ (ለሰርጅኑ መሳሪያ የምታቀብለው ነርስ) የሚታሰርበትን የሲልክ ክር እያዘጋጀች ነው። አንዱ ደግሞ «ፕሮቡ ወልቆ ነው» አለ፣ እኛ ቤት ሁሌም ፕሮቡ ነው የሚወልቀው። ያኔ ነው ልጅቷ «የእግሩ ጠፋ!» ብላ የጮኸችው፣ ኦአሩ ሙሉ ደነገጠ።

ፕሮፌሰሩ ረጋ ብሎ «ልቀቀው» አለ። ተለቀቀ። ልጁን የሸፈነውን ድሬፕ ገለጥ አርጌ ሳይ ፕሮቡ እንዳለ ነው፣ የልጁ ጣቶች ግን ወረቀት መስለዋል፣ እኔ እያየሁ ቀስ እያለ ቀለም መጣ፣ ሞገዷም ተመለሰች። ሴኮንዶች ናቸው። ያን ክላምፕ አምኖ ሲልኩ ቢታሰር ኖሮ ግን ከደረቱ በታች ያለው ኩላሊቱም አንጀቱም እግሩም ደም ያጣ ነበር።

ከዛ የሆነው ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ፕሮፌሰሩ መሳሪያውን አልተቀበለውም፣ አልተቆጣም። «ከላይ ጀምረህ እየጠራህ ንገረኝ» አለው ብቻ። ዶክተሩ ወደ ግራ እጅ ከሚሄደው ደም ስር ጀምሮ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ጠራ፣ ቬገስ ነርቭ ላይ ደረሰ፣ ከሱ ላይ የምትገነጠለው የድምፅ ነርቭ በዳክተሱ ስር ዞራ ወደ ላይ እንደምትመለስ አሳየ፣ እሷ የዞረችበት ነው ዳክተሱ። ወደ ታች ወርዶ ነበር የያዘው። እንደገና ቆነጠጠ፣ ሁሉም ሰው ልጅቷን ዞሮ አያት፣ ሊቀመንበር የሆነች ይመስል። «አለ» አለች። ታሰረ።

ማታ የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣለት በኋላ ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ አልሰለለም፣ ነርቯ ደህና ናት ማለት ነው። እናትየው ሲዳምኛ ብቻ ስለምትናገር ያስረዳቻት ያችው ራነር ናት፣ ቀን ስለጮኸችው ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሻይ ላይ ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ፕሮፌሰሩ ስለ ቪቪያን ቶማስ አጫወተን። በ1944 እ.ኤ.አ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ብላሎክ የሚባለው ሰርጅን የመጀመሪያዋን በኦክስጂን እጥረት የምትጠቁር ህፃን ኦፕሬሽን ሲያደርግ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ ይመራው የነበረው ሰው ነው፣ የላብራቶሪ ረዳት፣ የህክምና ዲግሪ የሌለው ጥቁር ሰው፣ ኦፕሬሽኑን ግን ውሾች ላይ ደጋግሞ የሰራው እሱ ስለነበር ብላሎክ ራሱ ነው ከኋላዬ ቁምልኝ ያለው። «አንተም ስትሄድ ስፌቱን ብቻ አትማር፣ ከኋላህ ማን እንደሚቆም አስብ» አለው። እስራኤል ሆሎን ያለው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የሚባለው የልጆች ልብ ድርጅት ዶክተሩን ብቻ ሳይሆን ነርሱንም የአንስቴዥያውንም ሰው እንደሚያሰለጥን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኛ አገር የተለመደው ግን ሰርጅኑን ለብቻው መላክ ነው፣ ሲመለስ ሲያስፈልገው የሚያስተኛለትም፣ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ቁጭ ብሎ የሚያድርለትም ስለማያገኝ ወይ አዲስ አበባ ይገባል ወይ ሄርኒያ ሲሰራ ይኖራል።

ዶክተሩ ምክሩን የምር ወሰደው። የስልጠናውን ማመልከቻ ለአራት ሰው አርጎ እንደገና ጻፈ፣ እሱ፣ አንድ የአንስቴዥያ ሰው፣ ስክራብና የአይሲዩ ነርስ። የመጣው መልስ በጀቱ ለአንድ ነው የሚል ነው። ብቻዬን አልሄድም ብሎ መልሶ አስገብቶታል፣ ግማሹ ሰው ሞኝ ነው እያለ ያማዋል፣ እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ደብዳቤው አሁንም ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ያቺ ራነር ግን ስክራብ ለመሆን ኮርስ ጀምራለች፣ ፓስፖርቷንም አውጥታ ጨርሳለች።